«የት ሆነህ ሰማህ?» ብሎ መጠየቅ ለምን ይቅር?

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። እዚህ ጅማ የእድራችን ሰዎች ሳይቀሩ አንብበውት «እውነታቸውን ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ። ጽሑፉ በደንብ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው አንባቢ ሰው መሆናቸውም ያስታውቃል። ድምዳሜያቸው ግን ስሕተት ይመስለኛል። ሰዉ ተቀብሎት ቢተገብረው ደግሞ የሚጎዳን ነው። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

መጀመሪያ ያሉትን በሚገባ ላስቀምጥ። መነሻቸው መጋቢት 1 ቀን 2011 ቢሾፍቱ አካባቢ የወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ነው። ዕለቱ በታሰበ ቁጥር ሰዉ «ያን ቀን የት ነበርክ? የት ሆነህ ሰማህ?» እየተባባለ ያወራል። ይህ ይቅር ነው የሚሉት። ለምን? ትዝታው ራሱ የማይታመን ነው፣ ይህንንም ጥናት አረጋግጦታል ይላሉ። ልማዱ የእኛ አይደለም፣ «ኬኔዲ ሲገደል የት ነበርክ?» ከሚሉት አሜሪካኖች የተቀዳ ነው ይላሉ። ከአደጋው ቦታ ርቆ የነበረ ሰው ስለዚያ ቀን የሚናገረው ነገር የለውም ይላሉ። ምሳሌ ያደረጉት እኛን ነው፤ «ጅማ ቁጭ ብሎ ቡና ሲጠጣ የሰማ ሰው ምን ምስክርነት አለው?» ብለዋል። ሐዘኑን ከሟቾቹ ወስደን ወደ ራሳችን እናዞረዋለን የሚልም አለበት። መታወስ ያለበት የሟቾቹ ስምና የአደጋው መንስኤ ብቻ ነው ይላሉ። በመጨረሻም እንዲህ ያለ ወሬ ቁስል እየነካካ አገር እንዳይረጋጋ ያደርጋል ብለው ይዘጋሉ።

በጥናቱ ልጀምር፤ ለጽሑፉ ክብደት የሰጠው እሱ ነውና።

የጠቀሱት ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በተነሣች በ73 ሰከንድ ውስጥ ጋየች። ሰባት ሰው ሞተ። ኡልሪክ ናይሰርና ኒኮል ሃርሽ የተባሉ ተመራማሪዎች በማግሥቱ አትላንታ በሚገኘው ኤመሪ ዩኒቨርሲቲ 106 ተማሪዎችን ጠየቁ። ዜናውን የት ሆናችሁ፣ ከማን፣ ምን እየሠራችሁ ሰማችሁ ብለው አስጻፏቸው። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ከእነዚሁ 44ቱን አግኝተው ያንኑ ደግመው ጠየቁ። ዋና ዋናው ነገር ሁሉ የገጠመላቸው 3 ብቻ ናቸው። 11ዱ ሁሉንም ስተውታል። ይባስ ብሎ የሳቱትም ቢሆኑ በእርግጠኝነት ነበር የሚናገሩት። የገዛ እጅ ጽሑፋቸውን ሲያሳዩአቸው እንኳ የመጀመሪያው ትዝታ አልተመለሰላቸውም።

ይህን አልክድም። እንዲያውም ጸሐፊው ያልጠቀሱትን ልጨምርላቸው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 1992 አንድ የእስራኤል የጭነት አውሮፕላን አምስተርዳም ውስጥ መኖሪያ ሕንፃ ላይ ወደቀ። ከወራት በኋላ የአገሩ ተመራማሪዎች ሰዉን «አውሮፕላኑ ሕንፃውን ሲመታ በቴሌቪዥን አይተሃል?» ብለው ጠየቁ። ከግማሽ በላይ የሚሆነው «አዎ» አለ። እንዲያ ያለ ፊልም ግን አልነበረም። ያን ቅጽበት የቀረጸ ካሜራ አልነበረም።

ታዲያ ከዚህ «ስለዚህ አትጠያየቁ» የሚል ድምዳሜ እንዴት ይወጣል? ትዝታ ይሳሳታል ማለት አንድ ነገር ነው። ትዝታ ዋጋ የለውም ማለት ሌላ ነው። ጸሐፊው ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ሲሻገሩ በመሐል ምንም ድልድይ አላበጁም።

ስሕተቱ ራሱ ምን ዓይነት እንደሆነ እንይ። እኚሁ ናይሰር ስለ ራሳቸው የጻፉት ነገር አለ። ልጅ ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 7 ቀን 1941 ጃፓን ፐርል ሃርበርን ስትደበድብ፣ በሬዲዮ የቤዝቦል ጨዋታ እያዳመጡ ነበር። ጨዋታው ተቋርጦ ዜናው ተነገረ። ለዓመታት የሚያስታውሱት እንዲህ ነው። ኋላ ላይ ነቁ፤ በዲሴምበር ቤዝቦል የለም። ትዝታ እንደማይታመን ማሳያ አድርገው ጻፉት። ከዚያ ሌሎች ተመራማሪዎች ነገሩን ቢያጣሩ፣ ያን ዕለት በሬዲዮ የተላለፈ ጨዋታ በእርግጥ ነበር። የአሜሪካ ፉትቦል ነው እንጂ ቤዝቦል አይደለም። የቡድኖቹ ስም ግን ከታወቁ የቤዝቦል ቡድኖች ስም ጋር አንድ ነው፤ የተጫወቱትም ቤዝቦል በሚጫወቱበት ሜዳ ላይ ነበር። እንግዲህ ሰውየው ስተዋል ወይስ አልሳቱም? የጨዋታውን ዓይነት ስተዋል። ሬዲዮው፣ ጨዋታው፣ የዜናው ማቋረጥ ግን በቦታቸው አሉ።

በእኛም ሰፈር እንዲህ ያለ አጋጥሞኛል። አንዲት እናት የአውሮፕላኑን ነገር ሲያወሩ ልጃቸው አቋረጠቻቸው።

«እማዬ፣ ያ እኮ የቆሼው ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ የነገርኩሽ የቆሼውን ነው።»

«የለም ልጄ። ያን ቀን ልደታ ነበር።»

ነገሩ የሚምታታው አለምክንያት አይደለም። ቆሼ የተናደው መጋቢት 2 ቀን 2009፣ ቅዳሜ ማታ ነው። ከ110 በላይ ሰው ቆሻሻ ክምር ሥር ቀረ። ብዙው ሰው የሰማው እሑድ ጠዋት ነው። አውሮፕላኑ የወደቀው ልክ በሁለተኛው ዓመት፣ መጋቢት 1፣ እሱም እሑድ ጠዋት። ሁለቱም በዓቢይ ጾም። ሁለቱንም ብዙ እናቶች ከቅዳሴ ሲመለሱ ነው የሰሙት። ግን ወር በገባ በ1 ልደታ ነው፤ የቆሼ ወሬ የተሰማበት እሑድ 3 ነበር፣ በዓታ። ልጅቷ ትንሽ አሰበችና «እውነትሽን ነው» አለች። እንግዲህ ትዝታውን ያጠራው ምንድን ነው? መጠያየቁ ነው። እናትዬው ዝም ቢሉ ኖሮ የልጅቱ ስሕተት እንደተቀመጠ ይቀር ነበር።

እርግጥ ሁልጊዜ እንዲህ አይቃናም። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 የአሜሪካው ጥቃት በኋላ ከሦስት ሺህ በላይ ሰዎች ተጠይቀው ነበር። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ከዓመት፣ ከሦስት ዓመትና ከዐሥር ዓመት በኋላም ተጠይቀዋል። የሚረሳው ባብዛኛው በመጀመሪያው ዓመት ተረሳ። ከዚያ በኋላ የሰዉ ታሪክ ብዙም አልተለወጠም። ስለ ጥቃቱ ራሱ የነበረው ስሕተት ከጊዜ ጋር እየታረመ ሄደ፤ ዜናውም ወሬውም አረመው። «እኔ የት ነበርኩ» የሚለው ላይ የገባ ስሕተት ግን ሲደጋገም ኖረ። ከዚህ የምማረው አንድ ነገር ነው። በጊዜ ጠይቅ፣ በጊዜ ጻፍ። ጸሐፊው ከዚሁ ማስረጃ ተነሥተው ጭራሽ አትጠይቁ ማለታቸው ነው የገረመኝ።

ልማዱ የእኛ አይደለም ያሉትን ደግሞ ፈጽሞ ልቀበል አልችልም።

ለቅሶ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። ዘግይቶ የመጣ ለቀስተኛ ገና ሳይቀመጥ ምን ይላል? «አልሰማሁም ነበር። አገር ቤት ሄጄ ነበር። ትናንት ማታ ስገባ ነው ጎረቤት የነገረችኝ።» የት እንደነበረ፣ መቼ እንደሰማ፣ ከማን እንደሰማ ለሐዘንተኛው ይናገራል። ይህ ስለ ራስ ማውራት አይደለም። ለሐዘንተኛው የሚከፈል ዕዳ ነው። ሳይናገር ቢቀር ቅሬታ ያተርፋል፤ «ሰምቶ ነው የቀረው» ይባላል። ሐዘንተኛውም በፈንታው ለመጣው ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይናገራል። ሲታመም፣ ሲብስበት፣ ስልክ ሲደወል ማን እንዳነሣው። እየደጋገመ። ማንም «ነግረኸናል እኮ» አይለውም።

መርዶም አለ። የእድራችን ጸሐፊ ስለሆንኩ አንዳንዴ መርዶ ሊነግሩ ከሚሄዱት ሽማግሌዎች ጋር አብሬ እሄዳለሁ። ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ገና ሳይነጋ ነው በር የሚንኳኳው። አንድ ጊዜ በር የከፈቱልን ሴት እጃቸው ላይ ረከቦት ይዘው ነበር። አንድ በአንድ አዩን። ከዚያ ረከቦቱን ቀስ አድርገው፣ ሲኒዎቹ ሳይንጋጩ፣ መሬት ላይ አስቀመጡት። የጮኹት ከዚያ በኋላ ነው። ማናችንም ገና አፋችንን አልከፈትንም። ያን ጠዋት ዛሬም ሲያወሩት የሚጀምሩት ከረከቦቱ ነው። እኚህን ሴት «ስለ ልጅሽ አውሪ እንጂ ስለ ረከቦትሽ አታውሪ» የሚላቸው ማን ነው?

አገር ሐዘን ሲገጥመው ለቅሶ ቤቱ የት ነው? በአውሮፕላኑ አደጋ ለሞተው 157 ሰው ለቅሶ የት ሄደን እንቀመጣለን? የሟቾቹ አገር ብቻ ከሠላሳ በላይ ነው። ጅማ ያለ ሰው የማንን በር ያንኳኳል? ስለዚህ እርስ በርሳችን ለቅሶ እንደራረሳለን። «እኔ እንዲህ ሆኜ ሰማሁ፤ አንተስ?» ማለት ይኸው ነው። ለቅሶ ላይ ዘወትር የምንለውን ነው ያልነው። ከኬኔዲ አልተማርነውም።

ዘመኑንም እንይ። የኅዳር በሽታ የመጣው በ1911 ነው፤ ኬኔዲ ከመገደሉ 45 ዓመት በፊት። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 በየደጁ ቆሻሻ ሲቃጠል፣ ኅዳር ሲታጠን፣ ጭሱ ሥር ቆመው ከአያቶቻቸው የሰሙትን የሚያወሩ አሉ። የካቲት 12 ቀን 1929 አዲስ አበባ ሲታረድ የት እንደነበሩ ሲናገሩ የኖሩ አባቶች ነበሩን። እዚሁ ጅማ ዙሪያ ደግሞ «77 ላይ የት ነበርክ?» የሚል ጥያቄ አለ። ጅማ የካፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረችበት በዚያ ዘመን፣ ከድርቁ የተረፉ ብዙ የሰሜን ሰዎች ወደ ካፋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ወለጋ በሠፈራ መጡ። ከእነሱ የተወለዱ ልጆች ዛሬ ጎረቤቶቻችን ናቸው። አባታቸው መኪና ላይ ሲወጣ ማን አብሮት እንደነበር፣ ማን እንደቀረ ያውቃሉ። ያወቁት ስለተነገራቸው ነው። ጠይቀው።

ወደ ጅማ ከመጣን አይቀር፣ ጸሐፊው ስለ ርቀት ያሉትን ላንሣ።

በአንድ በኩል እውነት አላቸው፤ ማስረጃውንም ላቀብላቸው። ናይሰር ከሌሎች ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1989 ካሊፎርኒያን የመታውን የመሬት መንቀጥቀጥ አጥንተዋል። መንቀጥቀጡ የደረሰባቸው ሰዎች የት እንደነበሩ ከጊዜ በኋላ ሲጠየቁ የመለሱት ከፊተኛው መልሳቸው ጋር አንድ ነበር ማለት ይቻላል። አትላንታ ሆነው በዜና የሰሙት ግን ብዙ ስተዋል። ስለዚህ ቦታው ላይ የነበረና ከሩቅ የሰማ ሰው እኩል አይደሉም። ጅማ ሆኖ የሰማ ሰው ስለ አውሮፕላኑ አወዳደቅ ሊመሰክር አይችልም። እዚህ ላይ አንከራከርም።

ግን በዚያው ጥናት ሌላ ውጤት አለ። ከአትላንታዎቹ መካከል መንቀጥቀጡ በመታው አካባቢ ዘመድ የነበራቸው፣ ዘመድ ከሌላቸው በግልጽ የተሻለ አስታውሰዋል። ሁለቱም እኩል ሩቅ ነበሩ። ልዩነቱን ያመጣው ኪሎ ሜትር አይደለም፤ የልብ ቅርበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የሮጀር ብራውንና የጄምስ ኩሊክ ጥናትም ይህንኑ ያሳያል። ማርቲን ሉተር ኪንግ የተገደለው ሜምፊስ ነው። ተመራማሪዎቹ 40 ጥቁርና 40 ነጭ አሜሪካውያንን ዜናውን ሲሰሙ የት እንደነበሩ ጠየቁ። ከጥቁሮቹ 30ው የጠራ ትዝታ ነበራቸው፣ ከነጮቹ 13ቱ። አንድ አገር፣ አንድ ዜና። ትዝታው ግን ሐዘኑን ተከትሎ ሄደ።

አሁን ጅማ ያን ቀን እንዴት እንደነበረች ልንገራችሁ። አንድ የማውቀው የባጃጅ ሾፌር አጂፕ አካባቢ ሰው ጭኖ ሲሄድ ነው በሬዲዮ የሰማው። ጥግ ያዘና ሞተሩን አጠፋ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ሴት ጎመን የያዘ ዘንቢል ጭናቸው ላይ አድርገው ስልክ ይደውላሉ። የእህታቸው ልጅ አየር መንገድ ትሠራለች። አይነሣም። ደግመው ይደውላሉ። «እትዬ፣ አይዞዎት፣ መስመሩ ተጨናንቆ ነው» ይላቸዋል። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች አልወረዱም። እኔ አይቸኩለኝም ያለ የለም፣ ግን አንድም ሰው አልወረደም። ልጅቷ ስታነሣና ሴትዮዋ እንደ ሕፃን ማልቀስ ሲጀምሩ ነው ባጃጁ የተነሣው። ሾፌሩ ስለ ቢሾፍቱ አልመሰከረም። ስለ ሕዝቡ ግን መስክሯል። ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ያን ጠዋት ለእነዚያ ሰዎች ስንት ኪሎ ሜትር ነበረች?

ሌላም አለ። ሚያዝያ 11 ቀን 2007፣ የዳግም ትንሣኤ ዕለት፣ ሊቢያ ውስጥ የታረዱት ወገኖቻችን ቪዲዮ ወጣ። ጅማ ከሊቢያ የት ለየት ናት። ነገር ግን ከጅማ ዙሪያ ልጁን ወይም እህቱን ወደ ዓረብ አገር ያልሸኘ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ያን ቀን እዚህ ያሉ እናቶች ሊቢያ ያልሄደ ልጃቸውን ሁሉ ስም እየጠሩ ደወሉ። ጸሐፊው «ቡና ሲጠጣ የሰማ» ያሉት ሰው ሲኒውን እጁ ላይ እንደያዘ ስልክ የሚጠብቅ ሰው ነበር።

ሐዘኑን ወደ ራሳችን እናዞረዋለን የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። ከፊሉን እቀበላለሁ። የሻማ ፎቶ ለጥፎ ከሥሩ ስለ ራሱ ብቻ የሚደረድር አለ። የእኔ ይበልጣል የሚል የሐዘን ፉክክርም አይቻለሁ፤ ያስጠላል። ግን ክፉ ለቀስተኛ ስላለ ለቅሶ መድረስ ይቅር አይባልም። ደግሞስ ሰው ሌላውን ሲያዝንለት ከራሱ ውጪ ከየት ሆኖ ያዝናል?

ስሙና መንስኤው ይታወስ ያሉት ግን ከጽሑፋቸው ሁሉ የወደድኩት ክፍል ነው። ይታወስ። ዋና አብራሪው ያሬድ ጌታቸው 29 ዓመቱ ነበር፣ ረዳት አብራሪው አሕመድኑር ሙሐመድ 25። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ከቦሌ ተነሡ፣ ከስድስት ደቂቃ በኋላ ወደቁ። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ ነበር። አዲስ የተገጠመለት አንድ ሥርዓት ከአንድ የተበላሸ መለኪያ የመጣ የተሳሳተ መረጃ ተቀብሎ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ደፈቀው። አምስት ወር እንኳ ሳይሞላ ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ ላይ በዚሁ ችግር ሌላ ማክስ ወድቆ 189 ሰው ሞቷል። ሁለቱ ሲደመሩ 346 ነፍስ። ይህን የማያውቅ ልጅ እንዳይኖር ከጸሐፊው ጋር እኔም እመኛለሁ።

የማልስማማው «ብቻ» ባሉት ላይ ነው። አንዱን ለማስታወስ ሌላውን መተው ለምን ያስፈልጋል? መንስኤው እንዴት ሳይረሳ እንደቆየ ይመልከቱ። መጀመሪያ ሰሞን የውጭ ተንታኞች ጣታቸውን ወደ አብራሪዎቹ ሲቀስሩ ነበር። መጋቢት 26 የወጣው የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት አብራሪዎቹ አምራቹ ያዘዘውን ሁሉ ደጋግመው እንደሞከሩ ተናገረ። ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም፤ ዓመታት ፈጀ። በእነዚያ ዓመታት ጉዳዩ ፋይል ውስጥ ተቀብሮ እንዳይቀር ያደረጉት ቤተሰቦቹ ናቸው። ጥቅምት 2012 የቦይንግ ሥራ አስኪያጅ በአሜሪካ ሴኔት ሲጠየቁ፣ ከኋላቸው የሟቾቹን ፎቶ ከፍ አድርገው የያዙ እናቶችና አባቶች ነበሩ። እነዚያን ሰዎች ያቆማቸው የቴክኒክ ሪፖርት ነው? በፍጹም። ያን ጠዋት ስልክ ሲደወል የት እንደነበሩ ስለሚያውቁ ነው የቆሙት።

በእኛም በኩል መጋቢት 8 ቀን 2011 በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የሆነውን እናስታውስ። ለ17ቱ ኢትዮጵያውያን 17 የሬሳ ሣጥን፣ በሰንደቅ ዓላማ ተሸፍኖ። ሣጥኖቹ ባዶ ነበሩ። የሚቀበር አስከሬን ገና አልተለየም ነበር። ለቤተሰቦቹ ከወደቀበት ቦታ የተወሰደ፣ የተቃጠለ አፈር በከረጢት ተሰጣቸው። አስከሬን ያላገኘ፣ የሚያለቅስበት መቃብር ያልነበረው ቤተሰብ የነበረው ምንድን ነው? የመጨረሻው የስልክ ንግግር፣ የመጨረሻው ምግብ፣ ዜናውን ያመጣው ሰው ፊት። ይህን «የግል ወሬ» ብሎ መተው ይከብደኛል።

ቁስል ይነካካል የሚለው ሥጋት የማይናቅ ነው። ሁሉም ሞት እንደ አውሮፕላን አደጋ አይደለም። ሰው በሰው እጅ የሞተባቸው ቀናት አሉን፤ በእነዚያ ቀናት «የት ነበርክ?» ማለት «ከማን ወገን ነበርክ?» ወደ ማለት ይዞራል። እንዲያ ተብሎ የሚጠየቅ ከሆነ ጥያቄው ፍርድ ቤት እንጂ ለቅሶ ቤት አይደለም፤ እኔም አልደግፈውም።

ዝምታ ግን አላዳነንም። ሰኔ 22 ቀን 2012 ማታ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል፣ በማግሥቱ ኢንተርኔት ጠፋ። ለሳምንታት አልመጣም። ማን ምን ሆነ፣ የትኛው መንገድ ተዘጋ፣ የማን ሱቅ ተረፈ የሚለውን ያወቅነው ከሰው አፍ ነው። ጎረቤቱን በር ዘግቶ ያሳደረ ሰው እንዳለ ያወቅነው «ያን ሌሊት የት አደርክ?» ብለን ስለጠየቅን ነው። ይህ በየትኛውም ሪፖርት ላይ የለም። ባንጠይቅ የሚቀረው ማን ማንን እንደጎዳ ብቻ ነበር፤ ማን ማንን እንዳዳነ ግን ይጠፋ ነበር።

ጸሐፊው ሲጨርሱ ዕለቱ በዝምታ ይታሰብ ብለዋል። ለደቂቃዎች ከሆነ አብሬያቸው ዝም እላለሁ። ከዚያ በኋላ ግን እጠይቃለሁ፣ እጽፋለሁም። ለሚቀጥለው የእድር ስብሰባም አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከመዝገባችን ኋላ ባዶ ገጾች አሉ። የት ሆነህ ሰማህ፣ ከማን ሰማህ፣ መጀመሪያ ለማን ደወልክ የሚለውን ሰዉ በራሱ አንደበት ይንገረን፤ የተጻፈበት ቀን ከጎኑ ይቀመጥ። ሁለት ሰው ተለያይቶ ከተናገረ ሁለቱም ይጻፍ።

ከቅርቡ መጀመር ይሻላል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ጎፋ ዞን ውስጥ ተራራ ተንዶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ሞቷል። ብዙዎቹ መጀመሪያ የተናደባቸውን ሊያወጡ ሮጠው የመጡ ነበሩ፤ እነሱንም ሁለተኛው ናዳ ያዛቸው። ከዚያ አካባቢ መጥተው ጅማ የሚሠሩ ሰዎች ሰፈራችን ውስጥ አሉ። የእድራችን ሰብሳቢ ከፈቀዱ መጀመሪያ እነሱን እንጠይቃለን።